ለሐዋርያት እግር የፈላ ሙጫ

የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ጣቱን ግድግዳው ላይ አሳረፈና ቀስ አድርጎ ወደ ታች ጎተተው። ከዚያ ጣቱን ዘርግቶ አሳየን። ቡናማ ዱቄት ይዞ ወጥቷል፤ በርበሬ ሲሰፍር የዋለ ሰው ጣት ይመስላል።

“አባባ፣ ይኸው ይመልከቱ” አለው ባለቤቴን። “በየሳምንቱ በሴቶቹ ነጠላ እየተጠረገ ነው የሚያልቀው።”

ባለቤቴ አላየውም። ዓይኑ መሃል መሃሉን መተው ከጀመረ ቆይቷል፤ የሚያየው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። ፊቱን ወደ እኔ መለሰና “ምንድን ነው?” አለኝ።

“ዱቄት ነው” አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ።

ቤተ ክርስቲያኗ ትንሽ ናት፤ ከእኛ ሰፈር ወደ ጊዮርጊስ ሲወጣ ከሱቆቹ ጀርባ ትገኛለች። ሥዕሉ በሴቶች መግቢያ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ነው። ባለቤቴ የሣለው በተጋባን ሰሞን ነበር። ጌታ የሐዋርያትን እግር ሲያጥብ ያሳያል። የላይኛው ክፍል ዛሬም ደህና ነው። ጌታ ወገቡን በጨርቅ ታጥቆ ጎንበስ ብሏል፤ ጴጥሮስ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሌሎቹ በተርታ ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ፊታቸውም፣ ዓይናቸውም፣ የልብሳቸው እጥፋትም አለ። ከጉልበታቸው በታች ግን ምንም የለም። እግሮቹም የውሃው ሳህንም ረግፈው ጭቃው አግጥጧል። እሑድ እሑድ አጠገቤ የምትቆም አንዲት አሮጊት ጸሎተ ሐሙስ በደረሰ ቁጥር “እግር የሌለውን ሰው ምኑን ሊያጥቡት ነው?” ትላለች። በየዓመቱ ትለዋለች፣ በየዓመቱም ራሷ ትስቃለች።

ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አይደለም። የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ለሽማግሌ ይነሣል፤ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጉባኤው የወሰነውን ነገረን። የታችኛው ክፍል እስከ ጸሎተ ሐሙስ ከተጠገነና እንዲህ በጣት የማይነሣ ከሆነ ሥዕሉ ባለበት ይቆያል። ካልሆነ ግን ከፋሲካ በኋላ ግድግዳው በሙሉ ተፍቆ አንድ ወጣት ሠዓሊ በዘይት ቀለም እንደ አዲስ ይሥለዋል።

“ታች ታቹን ብቻ እሱ ቢሥለውስ?” አልኩ።

“እማማ፣ ዘይት ቀለምና ይሄኛው አብረው አይኖሩም። አንዱ ሌላውን ይገፋዋል። ወይ ሁሉም ነው፣ ወይ ምንም።”

ባለቤቴ “እውነቱን ነው” አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዞኝ ነበር። ፒያሳ ተለውጧል። የምናውቃቸው ቤቶች ፈርሰው ቦታቸው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ የእግረኛው መንገድ አዲስ ንጣፍ ለብሷል። ባለቤቴ በእግሩ የሚያውቀው አሮጌውን መንገድ ስለሆነ ያልነበረ ደረጃ ያደናቅፈዋል። ስለዚህ እየቀደምኩ እነግረዋለሁ። “ደረጃ ነው” እለዋለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ “ሜዳ ነው” እለዋለሁ። ቤት ገብቶ ጫማውን እያወለቀ “የሙጫው ነገር ነው” አለ። እኔም አውቀዋለሁ።

የግድግዳ ሥዕል ሲባል ሰው የሚያስበው ቀለሙን ነው። በውጭ አገር ኖራው ሳይደርቅ ይሣላል፤ ኖራው ራሱ ቀለሙን ይዞት ይደርቃል ይላሉ። የእኛ ሠዓሊዎች የሚሥሉት ደረቅ ግድግዳ ላይ ነው። መጀመሪያ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካና እስኪሸት ይተዋል፤ ያልሸተተ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ተለስኖ ከደረቀ በኋላ ነጭ አፈር በሙጫ ተበጥብጦ ይቀባበታል። ከዚያ በከሰል ይነደፋል። ቀለሙም ቢሆን ከአፈርና ከጥላሸት የሚገኝ ነው። ቀዩና ቢጫው ከመሬት ይቆፈራል፤ ጥቁሩ ከድስት ቂጥ ይፋቃል። ከሱቅ የምንገዛው ሰማያዊውን ብቻ ነበር፤ ነጭ ልብስ ሲታጠብ የሚጨመረውን ዱቄት። ይህ ሁሉ ተፈጭቶ ሲያበቃ አቧራ ነው። አቧራውን ግድግዳው ላይ የሚያቆየው ሙጫው ነው። በወጣትነታችን ሙጫውን የማፈላው እኔ ነበርኩ።

የሚፈላው ከከብት ቆዳ ነው፤ ለሌላ ከማይሆነው ከጆሮና ከግንባሩ። ቆዳው በኖራ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ፀጉሩ ይለቅና ደጋግሞ ይታጠባል፤ ከዚያ በዝግታ እሳት ይበስላል። ከተንተከተከ ይበላሻል። ስለዚህ አጠገቡ መቀመጥ ነው፤ ሌላ ሥራ አያሠራም። ልኩ የሚታወቀው በአፍ ነበር። ባለቤቴ ጠብታ ከንፈሩ ላይ ያደርግና ከንፈሩን ገጥሞ ይከፍታል። ምንም ሳይዘው ከተላቀቀ ቀጥኗል፤ ቀለሙ ይረግፋል። አልላቀቅም ካለ ደግሞ ወፍሯል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ነጩን አፈር ይዞት ይነሣል። ጥቂት ይዞ የሚለቀው ነው ልኩ።

ያን ጊዜ ሥራው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ወርዶ ሐዋርያቱ ጉልበት ላይ ሲደርስ ሁዳዴ ገባ። የጊዜው አለቃ ጥብቅ ሰው ነበሩ። “በጾም የከብት ነገር ቤተ ክርስቲያን አይገባም” አሉ። ሌላ ሠዓሊ ቢሆን ይከራከራቸው ነበር ይሆናል። ባለቤቴ ግን ሄዶ የግራር ሙጫ ገዝቶ መጣ። የዛፍ ነው፣ የጾም ነው፤ በውሃ ይሟሟል፣ እሳትም አይፈልግም። እግሮቹን በዚያ ሣላቸው። ከላይኛው ክፍል ይልቅ ያበሩ ነበር፤ ለፋሲካ ሰው ጎንበስ እያለ ሲያደንቃቸው አስታውሳለሁ። ግድግዳው ከመሬት እርጥበት በሳበ ቁጥር የግራሩ ሙጫ ተመልሶ ውሃ እንደሚሆን ያየነው ክረምት ሲደጋግምበት ነው።

ባለቤቴ ይህን እያየም ደንቡን አልለቀቀም። በሌላ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራም፣ አለቃው ካረፉ በኋላም፣ ሁዳዴ ሲገባ የሙጫውን ድስት ደፍቶ ያስቀምጠው ነበር። አሁን ደግሞ ጉባኤው የሰጠን ጊዜ በሙሉ ሁዳዴ ነው።

“ግራር ነው የምንጠቀመው” አለኝ በማግስቱ።

“ያንኑ?”

“ሌላ ምን አለ?”

“ይረግፋላ።”

“እኛ እስክናልፍ ይቆይ የለ?”

እሱ የሚያስቀድሰው በወንዶቹ በኩል ነው። በየእሑዱ ቆሜ ሲረግፍ ያየሁት እኔ ነኝ።

ጭቃ የጾምና የፍስክ የለውምና በእሱ ጀመርኩ። ለቱቦ ከተቆፈረው መንገድ ዳር ቀይ አፈር በዘንቢል አመላለስኩ። ጭድ ፒያሳ ላይ ከየት ይገኛል? የአማቴ የጭድ ፍራሽ ቆጥ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር፤ አውርጄ ቀደድኩት። በትልቅ ሳፋ አድርጌ ግቢው ውስጥ ከቧንቧው አጠገብ በእግሬ ረገጥኩት። ጉልበቴ ያመኛል። ጥቂት እረግጣለሁ፣ ግድግዳ ተደግፌ አርፋለሁ፣ እንደገና እረግጣለሁ።

ጎረቤቴ ውሃ ልትቀዳ መጣች። ሙስሊም ናት፤ ወላጆቿ ከጉራጌ አገር የመጡ ናቸው፤ በግቢያችን በር ላይ ትንሽ ሱቅ አላት። ጄሪካኑን አስቀምጣ ታየኝ ጀመር።

“እትዬ፣ ሰው ሁሉ ኮንዶሚኒየም ሲገባ እርስዎ ጎጆ ሊቀልሱ ነው?”

“ለሐዋርያት እግር ነው” አልኳት።

“እግራቸው ጭቃ ከሆነማ ሩቅ አልሄዱም በሉኛ!”

ከሳቀች በኋላ ጄሪካኗን ትታ እጄን ይዛ ደገፈችኝና ረገጥኩ። ስለ ግድግዳውም ስለ ሙጫውም የነገርኳት ያን ጊዜ ነው።

የንስሐ አባታችን ቤት ሊባርኩ የመጡት ጭቃው በደንብ መሽተት በጀመረ ጊዜ ነው። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው ገቡ። ምን እንደሆነ ስነግራቸው ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

“ሙጫውስ የምን ነው?”

“የግራር ነው አባ።”

“ያ የረገፈው?”

“ጾም ነዋ አባ።”

“ልትበላው ነው እንዴ?”

“የዚያን ጊዜው አለቃ...”

“ነፍሳቸውን ይማር፣ ደግ ሰው ነበሩ። ግን ንገረኝ እስቲ፣ ከበሮው በሁዳዴ ዝም ይላል እንጂ ከቤተ ክርስቲያን ይወጣል? ቆዳ አይደለም? የምናነበው ብራናስ የፍየል አይደለም? አውጥተነው እናውቃለን?”

ባለቤቴ ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠጋ።

“ሰው ይጾማል። ግድግዳ አይጾምም” አሉ። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙን፤ ጠበል ሲረጩ ሳፋውንም አልዘለሉትም።

ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ የሳፋውን ጠርዝ በእጁ ዳሰሰ። በመጨረሻ “እሺ፣ የቆዳው ይሁን” አለ። “ከንፈሬ ላይ ግን አላደርገውም።” ሳያደርገው ደግሞ ልኩን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስኳር በሽታ አለበት፤ የጣቶቹ ጫፍ ደንዝዟል፤ ሙጫና ውሃ አይለይም። እኔም ጿሚ ነኝ። ይህን እያወቅን ነገሩን ለነገ ተውነው። በዕድሜ የተማርኩት ነገር ቢኖር ብዙ ነገር ለነገ መተውን ነው።

ቆዳውም ራሱ ጣጣ ነበረው። በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤት አይከፈትም። ከራስ መኮንን ድልድይ ጀምሬ ሽቅብ ወጣሁ፤ የማውቃቸው ሉካንዳዎች በር ላይ ሁሉ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ደክሞኝ ተመልሼ ጎረቤቴ ሱቅ ደጃፍ ያለው ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።

“ምን ሆነው ነው እንዲህ የገረጡት?”

“የበሬ ጆሮ አጥቼ።”

“ጆሮ? የባሌ ወንድም ሥጋ ቤት አለው እኮ። ጆሮማ ለውሻ ነው የሚጥለው!”

በነጋታው በፌስታል ሞልታ አመጣችልኝ። ባለቤቴ ሽታውን ሰምቶ “የማን በሬ ነው?” አለ። ገባኝ፤ ማን ባርኮ እንዳረደው መጠየቁ ነው።

“ከበሮውንስ ጠይቀኸው ታውቃለህ?” አልኩት።

ፌስታሉን ቋጥሮ መለሰልኝ።

የሚፈላበት ቦታ ግን ያስፈልግ ነበር። የጾም ቤት ውስጥ የከብት ቆዳ መቀቀል አልፈለግኩም፤ ባለቤቴም ሽታው ይከብደዋል። ጎረቤቴ ምድጃዋን ሰጠችኝ። እነሱም ረመዳን ላይ ነበሩ፤ ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች አብረው ገብተዋል። “የኛ ማታ ይፈታል፤ ሽታም አያስገድፈንም” አለችኝ። “ድስቱን ግን የራስዎን ያምጡ።”

“በሬው የእናንተው አይደል?”

“በሬው የኛ ነው። ሙጫ ሆኖ የሚቀረው ድስት ግን የኔ አይሆንም!”

የተደፋውን ድስት አውጥቼ አጠብኩት። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ሳማስል ዋልኩ። ሽታው ግቢውን ሞላው። ከላይ ቤት የምትኖር አንዲት ጎረቤታችን መስኮቷን ከፍታ “በሁዳዴ ቅቅል? ማነው ደፋሩ?” ብላ ጮኸች።

“እኔ ነኝ!” አለች ባለ ሱቋ ከውስጥ። “የእስላም ቤት ነው፤ አፍንጫሽን ይዘሽ ጹሚ!”

“ቅቅል እንዲህ አይሸትም። በሬው በሽተኛ ነበር?”

“ጆሮው ነው፤ የሰፈሩን ወሬ ሲሰማ ከርሞ ነው የሸተተው!”

መስኮቱ ተዘጋ። እኔ ጎንበስ ብዬ አማሰልኩ።

የቅምሻውን መላ ያገኘችውም እሷው ናት። የባለቤቴን ችግር ስነግራት “ከቴምሩ በኋላ እኔ እቀምሳለኋ። የኛው በሬ ነው፣ ምን ችግር አለ?” አለች። አመሻሹ ላይ አዛን ሲል ባለቤቴን ይዤው ሄድኩ። ቴምሯን በላች፣ ውሃዋን ጠጣች። ባሏ ሾርባውን ይዞ ተቀምጦ ያያታል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ፤ በዳሩ ሊያያት ነው።

“ጋሼ፣ ምን ላድርግ?”

“ጠብታ ከንፈርሽ ላይ አድርጊ። ግጠሚውና ክፈቺው።”

ገጠመችው። አልከፈት አላት። ዓይኗ ፈጠጠ።

“ጋሼ” አለ ባሏ፣ “ትንሽ አወፍሩላት፤ እስከ ኢድ ይያዛት!”

በእጇ ደረቱን መታችው። ባለቤቴ ውሃ ጨምሪበት አለኝ፤ ጨመርኩ። እንደገና ቀመሰች። ምንም አልያዛትም። መልሰን እሳት ላይ ጣድነው። ሾርባዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስትቀምስ ቆየች።

በመጨረሻ “አሁን... ያዝ አደረገኝና ለቀቀኝ” አለች።

“እንዴት ያዝ?”

“እንዴት ልበልዎ ጋሼ? ልጅ ጉንጭዎን ስሞ ሲለቅ እንደሚይዘው።”

“በቃ” አለ ባለቤቴ። “እሱ ነው።”

ጭቃውን አስቀድሜ የቤተ ክርስቲያኗ ግድግዳ ላይ ለስኜው ደርቆ ነበር። ነጩን አፈር በሙጫው በጥብጬ እኔው ቀባሁት። ሲደርቅ ሥራው ተጀመረ። ሥዕሉ የረገፈው ከጉልበት በታች ስለሆነ መሰላል አላስፈለገንም፤ ባለቤቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይደርስበታል። እኔ ቀለሙን እበጠብጣለሁ፣ ሙጫው እንዳይረጋ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆየዋለሁ፣ ብሩሹን ነክሬ እሰጠዋለሁ።

የመጀመሪያውን እግር ነድፎ አበሰው። እንደገና ነደፈ፣ እንደገና አበሰ።

“ጠፋኝ” አለ። “እግርሽን ወዲህ አምጪው።”

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነንና ባዶ እግሬን ነበርኩ። ሌላ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና እግሬን ከግድግዳው ሥር ዘረጋሁለት። እሱ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። የሚመጣ ሰው የሚያይ ይመስላል እንጂ የሚያየው እግሬን ነበር።

“አብጧል” አልኩት። “ጣቶቹም ተጣመዋል። የጴጥሮስ ሊሆን አይችልም።”

“ጴጥሮስም በእግሩ ነው የሄደው” አለኝና ብሩሹን ጠየቀኝ።

ቀኝና ግራዬን እያፈራረቀ የሁሉንም እግር ሣለ። ቀኑን አልቆጠርኩም። ጠዋት እንሄዳለን፣ ቅዳሴ ሊገባ ሲል ዕቃችንን ሰብስበን እንመለሳለን። አንዳንድ ጊዜ ተቀምጬ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፤ ስነቃ አንድ ተረከዝ ተጨምሮ አገኛለሁ። የስንጥቁን መስመሮች ሳይቀር በጥላሸት አስምሯቸዋል። አብረን በኖርንበት ዘመን እኔን ሥሎኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ጸሎተ ሐሙስ ቀን ሕዝቡ ሞልቶ ነበር። ሊቀ መንበሩ በሴቶቹ በኩል መጣና አንገቱን ደፍቶ ሰላም አለኝ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ጣቱን የጴጥሮስ እግር ላይ አሳረፈና ወደ ታች ጎተተው። ሲነሣ ጣቱን ወደ ብርሃኑ አድርጎ አየው፤ አገላብጦ አየው። ለእኔም አሳየኝ። ምንም የለበትም።

“ለወጣቱ ሠዓሊ ሌላ ግድግዳ እንፈልግለታለን” አለኝ።

“እግዜር ይስጥልን” አልኩት።

አጠገቤ የምትቆመው አሮጊት ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አለች።

“እሰይ፣ እግር አበቀሉ! ግን ምነው የባልቴት እግር ሆነ?”

“አርጅተው ነዋ” አልኳት።

አየችኝ፤ ወዲያው ወደ ታች አየች። የዚያን ጊዜ ካህኑ የወይራ ቅጠሉንና ውሃውን ይዘው ወደ እኛ እየመጡ ነበርና እግሬን ዘረጋሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።

ስግደቱና ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ባለቤቴ በወንዶቹ በር አጠገብ ቆሞ ይጠብቀኛል። ክንዴን ያዘኝ። አጥሩን አለፍን።

“ጣቱስ?” አለኝ።

“ንጹሕ ነው” አልኩት።

ትንሽ ሄድን። እግሩን አንሥቶ አየር ላይ አቆየው።

“ደረጃ አለ?”

“የለም” አልኩት። “ሜዳ ነው።”